ቫሾን ደሴት ላይ ቤት ለመሥራት መጀመሪያ አፈሩ ይፍቀድ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ሲያትል የሚኖሩ ባልና ሚስት ከከተማው ማዶ፣ በዋሽንግተን ግዛት በኪንግ ካውንቲ ሥር ባለችው ቫሾን ደሴት ላይ 2.3 ኤከር ባዶ ቦታ አይተዋል። ሁለት ልጆች አሏቸው። የባልየው እናትም ከጎንደር ሊመጡ ነው። ቦታው ጫካ ነው፤ በአንድ በኩል ወደ ባሕሩ የሚወርድ ገደል አለው። ዋጋው ከሲያትል ጋር ሲተያይ ረክሶባቸዋል። ማስታወቂያው ላይ ግን «የውሃውንና የፍሳሹን ነገር ገዢው ራሱ ያጣራ» የሚል ቃል አለ። አንድ ወዳጃቸው ደግሞ «ደሴት ላይ ማን ያያችኋል፤ ትንሽ ቤት ቀልሱና ግቡ፣ ፈቃዱ ቀስ ብሎ ይመጣል» ብሏቸዋል። የሚጠይቁት፦ የትኛው ፈቃድ ይቀድማል? ስንት ጊዜ ይፈጃል? የወዳጃችን ምክርስ ያዋጣል?

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። አታድርጉት።

አገር ቤት የጨረቃ ቤት የምንለው ነገር ነው። ሌሊት ቆርቆሮ ሲመታ ያድራል፣ ሲነጋ ቤት ቆሞ ይገኛል። ስንት ሰው ላቡን ጠብ ያደረገበት እንዲህ ያለ ቤት በግሬደር ሲናድ አይተናል። እዚህ ግሬደር ላይመጣ ይችላል። ግን ነገሩ ቀስ እያለ ይከተላችኋል። ካውንቲው ያለፈቃድ የተሠራን ነገር የሚከታተለው በአብዛኛው ጥቆማ ሲደርሰው ነው። አንድ ጎረቤት ስልክ መምታት ይበቃዋል። ሥራ አቁሙ የሚል ወረቀት ይለጠፋል፣ ቅጣት ይከተላል፣ ጥፋቱ በቦታው ሰነድ ላይ ሊመዘገብ ይችላል። በኋላ ፈቃድ አውጡ ስትባሉ ደግሞ ግድግዳውን ክፈቱልን ይሏችኋል። ውስጡን ያላዩትን ነገር አይፈርሙበትምና። ልሽጠው ብትሉም መንገድ የለም፤ በኪንግ ካውንቲ ቤት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሴፕቲኩ፣ ማለትም የቤቱን ፍሳሽ እዚያው ግቢ ውስጥ የሚቀበለው ጋንና ቱቦ፣ መመርመር አለበት። ያልተመዘገበ ሴፕቲክ ያን ቀን ይወጣል።

ደግሞስ ደሴት ላይ ማን ያያችኋል? ሁሉም ያያችኋል። ቫሾን ላይ የሚኖረው ሰው 10 ሺህ ገደማ ነው። ድልድይ የለም። እንጨት የጫነው መኪና፣ እስካቫተሩ፣ የኮንክሪቱ መኪና፣ ሁሉም ከሲያትሉ ፎንትለሮይ፣ ከሳውዝወርዝ ወይም ከታኮማ መኪና በሚጭነው ጀልባ፣ በፌሪ ነው የሚሻገረው። ጎረቤታችሁ እዚያው ሰልፍ ላይ ከኋላችሁ ቆሟል። «ማን ያያችኋል» ውሃ የማያነሳ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ዋናው። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ቤቱን ያስላል። ሳሎኑ ይህን ያህል፣ ኩሽናው እዚህ፣ በረንዳው ባሕሩን ያይ። ከዚያ ፕላኑን ይዞ ፈቃድ ሊጠይቅ ይሄዳል። በከተማ ይህ ያስኬዳል፤ ቱቦው መንገዱ ላይ አለ፣ ውሃውም አለ። ደሴት ላይ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ቫሾን ከተማ አይደለም፤ ማዘጋጃ ቤት የለውም። ከትንሿ የመሃል ሰፈር ውጭ የፍሳሽ መስመር እምብዛም አታገኙም። ስለዚህ ከቤቱ በፊት ሁለት ነገር መረጋገጥ አለበት። ንጹሕ ውሃ ከየት ይመጣል? ቆሻሻው ውሃ የት ይገባል? እነዚህ ካልተመለሱ የገዛችሁት የቤት ቦታ አይደለም፤ ጫካ ነው።

በሙያዬ የፍሳሽና የቦታ ዲዛይን ሠራተኛ ነኝ። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ቤተሰብ ያማረ ፕላን ይዞ መጣ። ለአርክቴክቱ ከፍለው ጨርሰዋል። እኔም ፕላኑን አይቼ ወደድኩት፣ አፈሩን ሳላይ «ይሆናል» አልኩ። አፈሩ ሲቆፈር ፍሳሹን የሚቀበለው ደህና መሬት የተገኘው በትክክል ቤቱ የተሳለበት ቦታ ላይ ነበር። ሌላው ሁሉ ጠጣር ነው። ቤቱ ከእንደገና ተሳለ፤ አንድ መኝታ ቤትም ጠፋ። የእናትየውን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከዚያ ቀን ወዲህ አፈር ሳይቆፈር ስለ ቤት አላወራም።

አፈሩ ለምን እንዲህ ሆነ? የዛሬ 16 ሺህ ዓመት ገደማ ይህን አካባቢ የሸፈነው የበረዶ ግግር ሲያትል ላይ ወደ 3 ሺህ ጫማ ውፍረት ነበረው። ጂኦሎጂስቶች ያንን ዘመን የሚጠሩት በዚሁ ደሴት ስም ነው፤ የቫሾን ዘመን ይሉታል። ያ ሁሉ በረዶ ከሥሩ ያለውን ጭቃና ጠጠር ረግጦ ኮንክሪት የመሰለ ድርብርብ ትቶ ሄደ። ዶማ ይመልሳል። ውሃ አያሳልፍም ማለት ይቻላል። ከእሱ በላይ ያለው ልሙ አፈር አንዳንድ ቦታ ሦስት ጫማ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ከዚያም ያነሰ። የቤታችሁን ፍሳሽ የሚያጣራው ያቺ ቀጭን አፈር ናት።

ምርመራው እንዲህ ነው። ትንሽ እስካቫተር ይመጣና ሰው እስከ ደረት የሚያስገባ ጉድጓድ በተለያየ ቦታ ይቆፍራል። ፈቃድ ያለው ዲዛይነር ይገባል። ከግድግዳው ጭብጥ አፈር ያነሳል፣ ውሃ ጠብ ያደርግበታል፣ በጣቶቹ መሃል እያሸ ያየዋል። አሸዋ ከሆነ ይኮሰኩሳል። ሸክላ ከሆነ እንደ ሊጥ ይሳባል። ከዚያ ቀለሙን ያያል። ቡናማው አፈር መሃል ግራጫና ብርቱካናማ ነጠብጣብ ከታየ፣ በክረምት ውሃ እዚያ ድረስ ይነሣል ማለት ነው። በነሐሴ ደርቆ አቧራ ቢሆንም ነጠብጣቡ አይዋሽም። ውሃ ቆሞ አየር ሲያጣ በአፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ነው እንዲያ ቀለሙን የሚለውጠው። እዚህ ዝናቡ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ነው። ምልክቱ አጠራጣሪ ከሆነ የጤና ቢሮው ክረምቱ አልፎ ውሃው ይለካ ሊል ይችላል። ያኔ አንድ ወቅት ሙሉ ትጠብቃላችሁ።

አፈሩ ደህና ከሆነ የሴፕቲክ ዲዛይኑ ይሠራና ለሲያትልና ኪንግ ካውንቲ የሕዝብ ጤና ቢሮ ይገባል። ልብ በሉ፤ የሚፈለገው አንድ ድሬንፊልድ ብቻ አይደለም። ድሬንፊልድ የምንለው ፍሳሹ ከጋኑ ወጥቶ በቱቦ እየተከፋፈለ ወደ አፈር የሚሰርግበት መስክ ነው። የመጀመሪያው አንድ ቀን ሲደክም የሚተካበት እኩል ቦታ በመጠባበቂያነት ይያዛል። በዚያ ላይ ቤት አይሠራም፣ መኪና አይቆምም። ይህን የምለው ወገኖቻችንን ስለማውቅ ነው። ለክርስትናው ሃምሳ ሰው ትጠራላችሁ፣ እንግዳው ሜዳ ያገኘ መስሎት መኪናውን ድሬንፊልዱ ላይ ይደረድራል። አፈሩ ይረገጣል፣ ቱቦው ይሰበራል። የመኪና ማቆሚያችሁን ከአሁኑ ፕላኑ ላይ አሳዩ።

አንድ ሌላ ነገር። ሴፕቲክ የሚለካው በመኝታ ቤት ቁጥር ነው። የሦስት መኝታ ቤት ሴፕቲክ ፈቃድ ይዛችሁ የአራት መኝታ ቤት ፕላን ብታስገቡ ይመለስባችኋል። «የጥናት ክፍል ነው» ብሎ ማለፍም ቀላል አይደለም፤ በርና ቁም ሣጥን ያለው ክፍል መኝታ ቤት ተብሎ ሊቆጠር ይችላል።

ውሃው ቀጥሎ ይመጣል። ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው በአካባቢው የውሃ ድርጅት ካለ ከእሱ ድርሻ ማግኘት ነው። ይህ ከሁሉም ይቀላል፤ ግን ቫሾን ላይ የውሃ ድርሻ በወረፋ የሚጠበቅበት ሰፈር አለ፣ ወረፋውም የዓመታት ነው። ሻጩ «መስመሩ በደጃፉ ያልፋል» ሊላችሁ ይችላል። መስመር ማለፉ ድርሻ አለ ማለት አይደለም። ከድርጅቱ ውሃ እንደሚሰጣችሁ የሚያረጋግጥ ወረቀት በእጃችሁ ካልገባ እንደሌለ ቁጠሩት።

ሁለተኛው የራስ ጉድጓድ ነው። የደሴቲቱ ሕዝብ የሚጠጣው በአብዛኛው ከምድሯ ሥር ያለውን ውሃ ነው። ያ ውሃ የሚተካው እዚያው በሚዘንበው ዝናብ ብቻ ነው። ከተራራ የሚወርድ በረዶ፣ ከሌላ አገር የሚመጣ ወንዝ የለም። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1994 ይህን የከርሰ ምድር ውሃ የደሴቲቱ ዋነኛ የመጠጥ ምንጭ ብሎ መዝግቦታል። ካውንቲው ስለ ውሃ ጠንቃቃ ቢሆንባችሁ አትፍረዱበት። ባሕሩ አጠገብ በጣም ከተሳበ ደግሞ የጨው ውሃ ወደ ጉድጓዱ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ማስወጣቱ ጭንቅ ነው።

በዋሽንግተን ሕግ ለቤት የሚቆፈር ጉድጓድ የውሃ መብት ፈቃድ ሳያስፈልገው መሥራት ይቻላል። ይህ ከ1945 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነገር ነው። በ2016 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካውንቲዎች ውሃ መኖሩን ራሳቸው ሳያረጋግጡ የሕንፃ ፈቃድ መስጠት የለባቸውም ብሎ ወሰነ። ብዙ ሰው መሬት ገዝቶ ተቸገረ። በ2018 አዲስ ሕግ ወጣና መንገዱን ከፈተው። በእናንተ አካባቢ በእንዲህ ያለ አዲስ ጉድጓድ በዓመት አማካይ በቀን እስከ 950 ጋሎን መጠቀም ይፈቀዳል፤ ለሕንፃ ፈቃድ ስታመለክቱም 500 ዶላር ትከፍላላችሁ። ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። በሐምሌ ሰፊ ሣር ካላጠጣችሁ በቀር።

እዚህ ጋ ወረቀትና እርሳስ ያዙልኝ። ጉድጓዱና ድሬንፊልዱ ቢያንስ 100 ጫማ መራራቅ አለባቸው። 100 ጫማ ሬዲየስ ያለው ክብ ስፋቱ 31,400 ካሬ ጫማ ነው፤ 0.72 ኤከር ማለት ነው። ከ2.3 ኤከራችሁ ሲሶው ገደማ በአንድ ጉድጓድ ዙሪያ ተያዘ። ክቡ ወደ ጎረቤት መሬት ካለፈ ከጎረቤት ጋር በሰነድ መስማማት ሊያስፈልግ ነው። የጎረቤት ጉድጓድ ወደ ድንበራችሁ ቀርቦ ከሆነም የእሱ ክብ ወደ እናንተ ይገባል። እዚህ ላይ ድሬንፊልዱን ጨምሩ፣ መጠባበቂያውን ጨምሩ፣ ከገደሉ መራቂያውን ጨምሩ። 2.3 ኤከር በወረቀት ላይ ሲነበብ ሜዳ ይመስላል። ክቦቹ ሲሳሉ ግን ለቤቱ የሚቀረው አንዳንድ ጊዜ አንድ ጥግ ነው። ከእኔ ጋር የሠሩ ሰዎች ይህን ሥዕል ሲያዩ ነው ነገሩ የሚገባቸው።

ሦስተኛው መንገድ የዝናብ ውሃ ነው። ጣሪያ ላይ ተጠራቅሞ፣ ተጣርቶ፣ በጤና ቢሮ ፈቃድ ለመጠጥ የሚያገለግልበት አሠራር አለ። በጋው ደረቅ ስለሆነ ትልቅ ታንከር ይፈልጋል። ሌላው ሁሉ ሲዘጋ እንጂ መጀመሪያ አልመክርም።

ስለ ገደሉ ጽፋችሁልኛል። ፎቶው ላይ ዛፎቹ ከሥራቸው ጎበጥ ብለው ወደ ላይ የተቃኑ ይመስላሉ። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ግን መሬቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ሲሄድ ዛፍ እንደዚያ ያድጋል። የቫሾን ዳርቻ በክረምት መሬት የሚንሸራተትበት ዳርቻ ነው። አሸዋው ከላይ ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ያለው ሸክላ አያሳልፍለትም፣ ውሃው በመሃላቸው ይወጣና ጫፉ ይናዳል። ተዳፋቱ 40 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ካውንቲው እንደ አደገኛ ቦታ ያየዋል። የአፈርና የተዳፋት ባለሙያ የሆነ የጂኦቴክኒክ መሐንዲስ አይቶ ቤቱ ከጫፉ ስንት ጫማ መራቅ እንዳለበት ይጽፋል። በረንዳው ባሕሩን ይይ የሚለውን ምኞት የሚወስነው ይህ ሪፖርት ነው። ገደሉ ላይ ያሉትን ዛፎች ለዕይታ ብላችሁ እንዳትቆርጡ። ሥራቸው ነው አፈሩን የያዘው። መቁረጡም ፈቃድ ይጠይቃል።

ባሕሩ ሲሞላ ከሚደርስበት መስመር 200 ጫማ ውስጥ የሚሠራ ነገር ሁሉ ደግሞ በ1971 በወጣው የዳርቻ ሕግ ሥር ይወድቃል። ለራስ መኖሪያ አንድ ቤት የሚሠራ ሰው ከትልቁ የዳርቻ ፈቃድ ነፃ ሊሆን ይችላል። ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ግን ከካውንቲው መውሰድ አለበት፤ ደንቡንም መከተል አለበት። ከቻላችሁ ከ200 ጫማው ውጭ ሥሩ። ብዙ ጣጣ ይቀንስላችኋል። በዳርቻ አካባቢ ስትቆፍሩ ጥቁር አፈር ውስጥ የተሰባበረ የዛጎል ክምር ካያችሁ ደግሞ እዚያው ቁሙ። ደሴቲቱ ለብዙ ሺህ ዓመት የነባር ሕዝቦች መኖሪያ ነበረች። ያ ክምር የማዕዳቸው ቅሪት ሊሆን ይችላል፤ ያለፈቃድ መንካቱ በሕግ ያስጠይቃል።

ሳትገዙ ሊጠየቅ የሚችል አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ካውንቲው ቦታው ላይ ጅረት፣ ረግረግና አደገኛ ተዳፋት መኖሩን አይቶ የሚወስንበት የተለየ ማመልከቻ አለ። የሕንፃ ፈቃድ ሳትጠይቁ ይህን ብቻ ማስገባት ትችላላችሁ። ባለሙያቸው ቦታው ድረስ መጥቶ ያያል። መልሱ ምን ያህል መሬት ለሥራ እንደቀራችሁ በጽሑፍ ይነግራችኋል። ይከፈልበታል። ከምትገዙት መሬት ጋር ሲተያይ ግን ኢምንት ነው።

ልጆች አሉን ስላላችሁ ይህችን አልዘልም። ታኮማ አጠገብ ራስተን በምትባል ትንሽ ከተማ ለመቶ ዓመት ገደማ የአሳርኮ ማቅለጫ ፋብሪካ ነበር። ጭሱ በነፋስ እየተነዳ ደቡብ ቫሾንና ከእሷ ጋር በተያያዘችው ሞሪ ደሴት ላይ አርሴኒክና እርሳስ አራግፏል። ፋብሪካው በ1980ዎቹ አጋማሽ ተዘጋ፣ ጭስ ማውጫውም በ1993 ፈረሰ። አርሴኒክ ግን አይበሰብስም፤ ዛሬም የላይኛው አፈር ውስጥ አለ። ዛፉ ሳይመነጠር የቆየ ጫካ ደግሞ ከታረሰው መሬት የባሰ ሊሆን ይችላል፤ አፈሩ አልተገለበጠማ። በዋሽንግተን አርሴኒክ በአፈር ውስጥ ከሚሊዮን 20፣ እርሳስ ከሚሊዮን 250 ካለፈ የማጽዳት ደረጃ ላይ ደርሷል ይባላል። የግዛቱ የሥነ ምህዳር መሥሪያ ቤት ሰፈር በሰፈር የሚያሳይ ካርታ አለው፤ አድራሻችሁን አስገብታችሁ እዩት። አፈሩን በላቦራቶሪ ማስመርመርም ውድ አይደለም። ቦታው ደቡብ ከሆነ ቆፋሪው የላይኛውን አፈር የት እንደሚያኖር አስቀድማችሁ ተስማሙ። የጓሮ ጎመን ከተከላችሁም ከፍ ባለ መደብ ላይ ንጹሕ አፈር አምጥታችሁ ትከሉ። ቅጠሉን ደጋግሞ ማጠብም ይጠቅማል።

ውሃው ሲገኝ፣ አፈሩ ሲፈቅድ፣ ዳርቻው ሲታወቅ፣ ያኔ ቤቱን አስሉ። ከዚህ በኋላ ያለው ከባድ አይደለም፤ ብዙ ወረቀት ነው እንጂ። አንድ ነገር ሰውን ያደናግራል፦ ለአንድ ቤት ሦስት በር ታንኳኳላችሁ። የሕንፃው ፈቃድ ከካውንቲው የፈቃድ ክፍል ነው። የሴፕቲኩ፣ የቧንቧውና የጋዙ ከሕዝብ ጤና ቢሮው። የመብራቱ ደግሞ ከግዛቱ የሠራተኛና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት። አንዱ ለሌላው አይነግርላችሁም። አንዱ ጋ የጻፋችሁት የመኝታ ቤት ቁጥር ሌላው ጋ ካልገጠመ ማመልከቻው ይቆማል። አንድ ፎልደር ይኑራችሁ፣ ሁሉም ወረቀት ላይ ያው ሥዕል፣ ያው ቁጥር ይሁን።

ጣሪያው፣ መንገዱና የመኪና ማቆሚያው ተደምረው 2,000 ካሬ ጫማ ከደረሱ የዝናቡ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ የጎርፍ ዲዛይንም ይጨመራል። ወደ ገደሉ መልቀቅ አይታሰብም። ረጅም የጠጠር መንገድም ይቆጠራል፤ ከዋናው መንገድ በጣም ርቃችሁ አትግቡ የምለው ለዚህ ነው። የእሳት አደጋ መኪናም ገብቶ መዞር አለበት።

ሥራው ሲጀመር ኢንስፔክተሩ በየደረጃው ይመጣል። መሠረቱ ብረቱ ታስሮ ኮንክሪት ሳይፈስ፣ ቧንቧው ሳይቀበር፣ እንጨቱ ቆሞ ሳይለበስ፣ ከዚያ የሙቀት መከላከያው፣ በመጨረሻ ሁሉም አልቆ። እሱም በፌሪ ነው የሚመጣው። የኮንክሪት መኪናውን ለዚያው ቀን ከሰዓት አትቅጠሩ። ነፋስ ተነሥቶ ፌሪው ሲቀር ሁለቱም ይቀራሉ።

ትንሿን ቤት በተመለከተ፦ እስከ 200 ካሬ ጫማ የሆነ ባለ አንድ ወለል የዕቃ መጋዘን ያለ ሕንፃ ፈቃድ ማቆም ይቻላል። ወዳጃችሁ ምናልባት ይህን ሰምቶ ይሆናል። ግን የዕቃ ነው፤ ሰው አይተኛበትም፣ ከአደገኛው ተዳፋትና ከጅረት መራቁም አይቀርለትም። ተጎታች ቤት አቁመን እየሠራን እንኑር ብላችሁ ካሰባችሁም አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። የሱም ፍሳሽ የሚሄድበት ቦታ ይፈልጋል። ጥያቄው ዞሮ ዞሮ እዚያው አፈሩ ጋ ነው።

አሁን እጃችሁ ላይ ወዳለው ውል ልምጣ። እስካሁን አልፈረማችሁም፤ እሰየው። ውሉ ውስጥ የማጣሪያ ጊዜ ይግባ። አሻሻጫችሁ (ሪልተሩ) ያውቀዋል፤ ፊዚቢሊቲ ይሉታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ መሬቱ ቤት አያሠራም ካላችሁ ቀብዱ ይመለሳል። ሻጮች አሥር ቀን ሊሰጡ ይፈልጋሉ። አሥር ቀን ለእስካቫተር ወረፋ እንኳ አይበቃም። እኔ ብሆን 90 ቀን እጠይቃለሁ፤ ካልሆነ 60። ውሉ ላይ መቆፈር እንደተፈቀደላችሁም ይጻፍ፤ የሰው መሬት ነውና። ባዶ ቦታ የሚሸጥ ሰው ስለ መሬቱ የሚያውቀውን በፎርም ሞልቶ እንዲሰጥ የዋሽንግተን ሕግ ያዛል፤ ያንን ፎርም ጠይቁ። ወደ ቦታው የሚያስገባው መንገድ በሌላ ሰው መሬት የሚያልፍ ከሆነ የማለፍ መብቱ በሰነድ መኖሩን አስመርምሩ። ቦታው በሕጋዊ መንገድ የተከፈለ መሆኑንም። እዚያ አካባቢ አንድ ቤት ለአምስት ወይም ለአሥር ኤከር የሚባልበት የገጠር ክልል ብዙ ነው። በፊት በሕግ የተከፈለ ትንሽ ቦታ ላይ መሥራት ይቻላል። የእናንተን 2.3 ኤከር ከሁለት ከፍላችሁ ለወንድማችሁ መስጠት ግን አይሆንም።

ጊዜውን ጠይቃችኋል። አፈሩ ደህና፣ ውሃው ቅርብ፣ ተዳፋቱ ሩቅ ከሆነ፣ ከመጀመሪያው የአፈር ምርመራ ጉድጓድ እስከ ሕንፃ ፈቃድ አንድ ዓመት አስቡ። ከእነዚህ አንዱ ከተጣመመ ሁለት ዓመት። የሴፕቲክና የጉድጓድ ወጪ እያንዳንዱ በአሥር ሺህዎች ዶላር የሚቆጠር ነው። ይህን ከመሬቱ ዋጋ ላይ ደምሩና ርካሽነቱን እንደገና ተመልከቱት። ባንክ ባዶ መሬት ላይ በቀላሉ ስለማያበድር ገንዘቡ በእጃችሁ መኖር አለበት። አሁንም ሊያዋጣችሁ ይችላል፤ ደሴቲቱ ልጅ ለማሳደግ ያማረች ናት። አፈሩ እምቢ ካለ ግን ለቁፋሮው የከፈላችሁትን ኪሳራ አትበሉት። መሬቱን ሳትገዙ አውቃችኋል።

ስለ እናታችሁ ደግሞ። ከቤቱ ጀርባ እንደ አገር ቤቱ ሰርቪስ ያለች ክፍል እንሥራላቸው ብላችኋል። ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን ሁለተኛ መኖሪያ በገጠር ክልል ከቦታው ስፋት ጋር የተያያዘ የራሱ ገደብ አለው፤ ሴፕቲኩንም ያሳድገዋል። 2.3 ኤከር ላይ ይፈቀድ እንደሆነ ካውንቲውን በጽሑፍ ጠይቁ። ካልተፈቀደ ዋናው ቤት ውስጥ ምድር ላይ፣ ደረጃ የሌለበት፣ የራሱ መታጠቢያ ያለው መኝታ ቤት ይሠራላቸው። ይህን ለዲዛይነሩ የምትነግሩት ግን ቤቱ ሲሳል አይደለም፤ እስካቫተሩ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ሲቆፍር ነው። አራት መኝታ ቤት በሉት። የእሳቸው ክፍል ከዚያች ቀን ጀምሮ በድሬንፊልዱ ውስጥ ይቆጠር።